ከፈተና አዳራሽ ወደ አደባባይ፦ የቻይና ምሁራንና የዘመናዊ ፖለቲካ እንቅስቃሴ አጀማመር

መግቢያ

የቻይናን የሃያኛው መቶ ዓመት ታሪክ የሚተርኩ የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የዘመናዊውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ መነሻ ከአንድ ዕለት ጋር ያያይዙታል። ይኸውም ሜይ 4 ቀን 1919፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ ሦስት ሺህ ያህል ተማሪዎች በፔኪንግ (በዛሬው አጠራር ቤጂንግ) በቲያንአንመን በር ፊት ተሰብስበው የአገራቸው መሬት ለባዕድ መሰጠቱን የተቃወሙበት ዕለት ነው። ዕለቱ በእርግጥ ታላቅ ዕለት ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክን ከአንድ ቀን መጀመር ለመምህሩ ቢቀለውም ተማሪው ከዚያ የሚያገኘው ዕውቀት ጥቂት ነው። እነዚያ ወጣቶች ከየት መጡ? በአንድ ከተማ ያሰባሰባቸው ምንድን ነው? ስለ አገር ጉዳይ መናገር መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ጭምር መሆኑን ያስተማራቸውስ ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአመዛኙ በትምህርት ታሪክ ውስጥ እንደሚገኝ ማሳየት ነው። የቻይና ምሁር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲናገር አድማጩ ዙፋኑ ነበር። ከ1895 ወዲህ ባሉት ሃያ አምስት ዓመታት ውስጥ ግን አድማጩን ለወጠ፤ በመጀመሪያ ወደ አንባቢው ኅብረተሰብ፣ ቀጥሎ ወደ ከተማው ሕዝብ፣ በመጨረሻም ወደ ገበሬው ፊቱን አዞረ። አድማጩ በተለወጠ ቁጥር ቋንቋውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሚከፍለው ዋጋም ተለወጠ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቁ፣ ፈተናውና ዙፋኑ

በሰባተኛው መቶ ዓመት መባቻ በስዊ ሥርወ መንግሥት የተጀመረውና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279) የተስፋፋው የመንግሥት ሹማምንት መምረጫ ፈተና በቻይና 1,300 ዓመት ገደማ ኖሯል። በመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት እንደነበረው አሠራር ተፈታኙ በመጀመሪያ በአውራጃ ደረጃ፣ ቀጥሎ በጠቅላይ ግዛት፣ በመጨረሻም በዋና ከተማው ይፈተን ነበር። የጠቅላይ ግዛቱና የዋና ከተማው ፈተና በየሦስት ዓመቱ ይሰጣል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሕዝቡ ቁጥር ከ400 ሚሊዮን በላይ በነበረበት ጊዜ የመጀመሪያውን ማዕረግ የያዙት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በየሦስት ዓመቱ የመጨረሻውን ፈተና የሚያልፉት ግን ከሁለት እስከ ሦስት መቶ የሚደርሱ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ አኃዝ መረዳት የሚቻለው አብዛኛው የተማረ ሰው ሹመት አያገኝም እንደነበር ነው። ሹመት ያላገኘው ሊቅ ግን በመንደሩ ይቀመጣል፤ ልጆች ያስተምራል፤ ጠብ ያስታርቃል፤ የመስኖና የጎተራ ሥራ ይቆጣጠራል፤ በገበሬውና በአውራጃው ሹም መካከል ሆኖ ይናገራል። በመሆኑም ፈተናው ሹም መምረጫ ብቻ አልነበረም። መንግሥትንና መንደርን በአንድ ገመድ ያሰረ ተቋም ነበር።

የትምህርቱ ይዘት የኮንፊሺየስ ትምህርት መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ከ1313 ጀምሮ የጁ ሺ (1130–1200) ትርጓሜ እንደ መደበኛ ትርጓሜ ይወሰድ ነበር። በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ደግሞ ተፈታኙ አሳቡን በስምንት ክፍል በተወሰነ የድርሰት ሥርዓት እንዲጽፍ ይገደድ ነበር። ይህ አሠራር ታዛዥነትን ለማስረጽ የተመቸ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን እነዚያው መጻሕፍት ሊቅ የሆነ ሰው ገዢው ሲሳሳት ዝም ማለት እንደማይገባው ያስተምሩ ነበር። መንግሥት ታዛዥ ሹም ለማፍራት ያስጠናው መጽሐፍ ተቆጪ ሊቅም ያፈራ ነበር ማለት ነው።

ለዚህም ታሪካዊ ማስረጃዎች አሉ። በ1126 የጁርቼን ጦር ካይፌንግን በከበበ ጊዜ ቼን ዶንግ የተባለ የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ጓደኞቹን መርቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ሄደ፤ ከሥልጣን የተሻረው ሊ ጋንግ የተባለ ሚኒስትር እንዲመለስም ጠየቀ። ብዙ ሺህ የከተማ ሕዝብ ተከተላቸው፤ ሚኒስትሩም ወደ ሹመቱ ተመለሰ። ቼን ዶንግ ግን በሚቀጥለው ዓመት በሞት ተቀጣ። በ1604 በዉሺ ከተማ እንደገና የተቋቋመው የዶንግሊን የትምህርት ማእከልም የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር የሚተቹ ሊቃውንት መሰብሰቢያ ስለሆነ፣ በ1620ዎቹ ዓመታት ዌይ ጆንግሺያን የተባለው ኃያል ጃንደረባ መሪዎቹን አሳስሮ ብዙዎቹ በእስር ቤት ሞተዋል። ከዚህ የተማሩት የቺንግ ነገሥታት በ1652 ባወጡት ዐዋጅ የመጀመሪያው ማዕረግ ተማሪዎች ስለ መንግሥት ጉዳይ አቤቱታ እንዳያቀርቡ፣ ማኅበር እንዳይመሠርቱና ጽሑፍ እንዳያሳትሙ ከለከሉ። ዐዋጁም በድንጋይ ተቀርጾ በየትምህርት ቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ስለዚህ የአገር ጉዳይ የሊቁ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት ከምዕራባውያን የመጣ አይደለም። አዲስ ያልነበረው ግዴታው ነው። አሮጌው ተቃውሞ ሁለት ወሰን ነበረው፤ አንደኛ፣ የሚናገረው ለዙፋኑ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ፣ የሚናገረው ዙፋኑና ሊቃውንቱ ብቻ በሚያውቁት ጥንታዊ የጽሑፍ ቋንቋ ነው። ዘመናዊው እንቅስቃሴ የተወለደው እነዚህ ሁለት ወሰኖች በፈረሱ ጊዜ ነው።

ከአቤቱታ ወደ ጋዜጣ

ከ1839 እስከ 1842 በተደረገው የኦፒየም ጦርነት ቻይና በእንግሊዝ ከተሸነፈች በኋላ የባሕር ማዶ መንግሥታት ተራ በተራ ውል አስፈርመዋታል። ይሁን እንጂ የሊቃውንቱን መንፈስ ከሁሉ አብልጦ ያናወጠው በ1895 በጃፓን እጅ የደረሰው ሽንፈት ነው። ጃፓን የቻይናን ፊደልና መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ስትማር የኖረች ጎረቤት ናት። በሺሞኖሴኪ ውል መሠረት ቻይና ታይዋንን አስረከበች፤ 200 ሚሊዮን ታኤል ብር ካሣ ለመክፈልም ተገደደች።

የውሉ ወሬ ፔኪንግ በደረሰ ጊዜ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሊቃውንት ለመጨረሻው ፈተና በከተማው ነበሩ። የጓንግዶንግ ተወላጅ የሆነው ካንግ ዩዌይ (1858–1927) ውሉ እንዳይጸድቅ፣ ዋና ከተማው ወደ መሀል አገር እንዲዛወርና መንግሥቱ እንዲሻሻል የሚጠይቅ ረጅም ማመልከቻ አዘጋጀ። ደቀ መዝሙሩ ሊያንግ ቺቻዎ (1873–1929) በዚያን ጊዜ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተፈታኞች ማመልከቻውን ደገፉ። ውሉ ግን ጸደቀ። ለታሪክ ዋና የሆነው ነገር ከዚያ በኋላ የተፈጸመው ነው። ለዙፋኑ የተጻፈው ጽሑፍ በሻንጋይ ታትሞ ለሕዝብ ተሸጠ፤ አቤቱታው መጽሐፍ ሆነ። አንባቢው ኅብረተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የዙፋኑን ቦታ መጋራት ጀመረ።

በዚያው ዓመት የአገር ማጠናከሪያ የጥናት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1896 ሊያንግ ቺቻዎ በሻንጋይ የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። የን ፉ (1854–1921) የተባለው ምሁር ደግሞ በ1898 ሃክስሊ ስለ ዝግመተ ለውጥና ሥነ ምግባር የጻፈውን ተርጉሞ አሳተመ። የን ፉ በእንግሊዝ አገር የባሕር ኃይል ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ሲሆን በጠቅላይ ግዛቱ ደረጃ ፈተና አራት ጊዜ ወድቋል። አሮጌው ፈተና የጣለው ሰው የአዲሱ ትውልድ መምህር ለመሆን በቃ።

በጁን 1898 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ የካንግን ምክር ተቀብለው ተከታታይ የማሻሻያ ዐዋጆች አወጡ። ይህም የመቶ ቀናት ተሐድሶ ይባላል። በሴፕቴምበር 21 ግን እናት እቴጌ ጺሺ ሥልጣኑን በእጃቸው አስገብተው ንጉሠ ነገሥቱን በቤተ መንግሥት ውስጥ አሰሯቸው። ካንግና ሊያንግ ወደ ውጭ አገር ሸሹ። ለመሸሽ ዕድል የነበረው ታን ሲቶንግ ግን ደሙን ለለውጡ መስጠትን መርጦ ከአምስት ጓዶቹ ጋር በሴፕቴምበር 28 አንገቱ ተቀላ፤ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ነበር። ከዐዋጆቹ መካከል ሳይሻር የቀረው ዋና ነገር በዚያው ዓመት የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይኸው ተቋም በኋላ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ተማሪዎቹን ወደ አደባባይ አወጣ።

1905፦ ገመዱ የተበጠሰበት ዓመት

በ1900 የቦክሰሮች ዐመፅ ከተነሣና የስምንት አገሮች ጦር ፔኪንግን ከያዘ በኋላ በ1901 በቻይና ላይ 450 ሚሊዮን ታኤል ካሣ ተጣለ። ከዚህ በኋላ ተሐድሶን ያፈነው ቤተ መንግሥት ራሱ የተሐድሶ ዐዋጅ አውጪ ሆነ። በ1901 የስምንት ክፍሉ ድርሰት ቀረ፤ በ1904 በጃፓን አርአያ የተዘጋጀ የአዲስ ትምህርት ቤቶች ደንብ ወጣ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1905 ደግሞ የመንግሥቱ ፈተና ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ጨርሶ እንዲቀር ታወጀ። አሳቡን ካቀረቡት ታላላቅ ሹማምንት መካከል ጃንግ ጂዶንግ በ1863 በመጨረሻው ፈተና ከመላው አገር ሦስተኛ የወጣ ሊቅ ነበር። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ አሮጌው የሹመት መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ ወላጅ ልጁን ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አይልክም የሚል ነበር።

በምክንያቱ ላይ ስሕተት ማግኘት ያስቸግራል። ጉዳዩ የተተካው ነገር ምን ያህል ዝግጁ ነበር የሚለው ነው። ለአሮጌው ፈተና ለመዘጋጀት የሚያስፈልገው የመንደር መምህር፣ ጥቂት መጻሕፍትና ረጅም ዕድሜ ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ግን የሚገኘው በከተማ ነው፤ ክፍያና የደንብ ልብስ ይጠይቃል፤ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ይፈልጋል፤ እነዚህም መምህራን ገና አልሠለጠኑም ነበር።

በሻንሺ ጠቅላይ ግዛት የታይዩዋን አካባቢ ተወላጅ የነበረው ሊዩ ዳፔንግ (1857–1942) ለዚህ ምስክር ነው። በ1894 የጠቅላይ ግዛቱን ፈተና አልፎ በአንድ የነጋዴ ቤተሰብ ቤት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ለአምሳ ዓመት ገደማ በጻፈው የዕለት ማስታወሻ ላይ የፈተናውን መቅረት ሲሰማ የደረሰበትን ተስፋ መቁረጥ መዝግቧል። ከጊዜ በኋላ የማስተማር ሥራው ቀርቶ በእርሻና በድንጋይ ከሰል ሥራ ኖረ። እንደ እርሱ ያሉ ብዙዎች ዕውቀታቸው በአንድ ዐዋጅ ዋጋ አጣ። ከዚህም የከፋው መንደሩ የደረሰበት ጉዳት ነው። በመንደር ይቀመጥ የነበረው ሊቅ ሲያረጅ ልጁ ወደ ከተማ ሄዶ ተምሮ በዚያው ቀረ። ገመዱ ተበጠሰ።

የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ይዞ የቀረው አዲሱ ተማሪ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ ዙፋኑ አይፈትነውም፤ አይሾመውም፤ ስለዚህ የሚያከብርበት ምክንያት ጠፋ። ወደ ጃፓን የሄዱት ቻይናውያን ተማሪዎች በ1896 አሥራ ሦስት ብቻ ሲሆኑ በ1905 እና በ1906 ብዙ ሺህ ደርሰዋል። በቶኪዮ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ማደሪያ ሲኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን የአንድ አገር ልጆች አድርገው ማየት ጀመሩ። ሊያንግ ቺቻዎ ከ1902 ጀምሮ በዮኮሃማ የሚያሳትመውን መጽሔት እያነበቡ፣ የተከለከለውን ጽሑፍ በድብቅ ወደ አገር ቤት ይልኩ ነበር። ፈተናው በቀረበት በዚያው 1905 በኦገስት ወር የሱን ያት ሴን አብዮታዊ ማኅበር በቶኪዮ ተመሠረተ፤ በሻንጋይም ተማሪዎችና ነጋዴዎች ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ በመቃወም የአሜሪካን ዕቃ ያለመግዛት አድማ አደረጉ። በሻዎሺንግ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረችው ቺዩ ጂን በዐመፅ ዝግጅት ተከሳ በጁላይ 1907 ተገደለች። በዚያው ዓመት መንግሥት ተማሪዎች በፖለቲካ እንዳይገቡ እንደገና ዐወጀ። የ1652ቱ ድንጋይ ግን ከፈተናው ጋር ኃይሉን አጥቶ ነበር። በኦክቶበር 1911 በዉቻንግ የተነሣው ዐመፅ ሥርወ መንግሥቱን ጣለ፤ በጃንዋሪ 1912 ሪፐብሊክ ታወጀ።

ዩኒቨርሲቲው፣ መጽሔቱና ቋንቋው

ሪፐብሊኩ የተጠበቀውን ያህል ፍሬ አልሰጠም። ሥልጣኑ በጦር አዛዡ በዩዋን ሺካይ እጅ ገባ። እርሱም በ1915 የጃፓንን ሃያ አንድ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ተቀበለ፤ ራሱንም ለማንገሥ ሞክሮ በ1916 ሞተ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በጦር አበጋዞች ተከፋፈለች። ምሁራኑ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የመንግሥት ስም መለወጡ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቼን ዱሺዩ (1879–1942) በሴፕቴምበር 1915 በሻንጋይ የወጣቶች መጽሔት ሲጀምር ዓላማው የአስተሳሰብ ለውጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔቱ «አዲስ ወጣት» ተባለ።

በጃንዋሪ 1917 ጻይ ዩዋንፔይ (1868–1940) የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት ሥራውን ጀመረ። ጻይ በአሮጌው ፈተና የመጨረሻውን ማዕረግ ያገኘ፣ በኋላም በጀርመን የተማረ፣ በ1912 የሪፐብሊኩ የመጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲውን ሲረከብ ብዙዎቹ ተማሪዎች ትምህርቱን እንደ አሮጌው ፈተና የሹመት መሰላል አድርገው ይመለከቱት ነበር። እርሱ ግን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቦታ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ፤ የተለያየ አቋም ያላቸውን መምህራንም ጎን ለጎን ቀጠረ። ቼን ዱሺዩ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ዲን፣ ሊ ዳጃዎ (1889–1927) የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ከአሜሪካ የተመለሰው ሁ ሺ (1891–1962) የፍልስፍና መምህር ሆኑ።

ከሁሉ የጠለቀው ለውጥ ግን የቋንቋው ነው። ቻይናውያን ሕዝቡ የሚናገረውን ሳይሆን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ሥርዓት የቆመውን ጥንታዊ ቋንቋ ይጽፉ ነበር፤ ግዕዝ ላልተማረ አማርኛ ተናጋሪ እንደሚርቀው ሁሉ ይህም ጽሑፍ ላልተማረ ቻይናዊ የራቀ ነበር። የን ፉ እንኳ የአውሮፓን ፍልስፍና የተረጎመው በዚሁ ቋንቋ ነው። ሁ ሺ በጃንዋሪ 1917 በ«አዲስ ወጣት» ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሕዝብ የሚነጋገርበት ቋንቋ የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ እንዲሆን አሳሰበ። በሜይ 1918 ሉ ሹን «የእብዱ ማስታወሻ» የተሰኘውን አጭር ልብ ወለድ በዚያው መጽሔት ላይ በማውጣት በዚህ ቋንቋ ታላቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የተማረው ሰው አድማጩን ከለወጠ ቋንቋውንም መለወጥ ግድ ነበረበት።

ሜይ 4 እና ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት

ጀርመን በ1898 በሻንዶንግ ጠቅላይ ግዛት የጂያውጆን የባሕር ሰላጤ በኪራይ ስም ይዛ ነበር። በ1914 ጃፓን ይህንኑ ቦታ በጦር ነጠቀች። ቻይና በ1917 ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጎን ቆማ ወደ ጦርነቱ ገባች፤ 140,000 ያህል ቻይናውያን ሠራተኞችም ለእነዚህ አገሮች ሠራዊት በአውሮፓ ሠርተዋል። ስለዚህ ቻይናውያን ሰላም ሲሆን መሬታቸው እንደሚመለስላቸው ተስፋ አደረጉ። በኤፕሪል 1919 መጨረሻ ግን የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ መሪዎች የጀርመን መብት ለጃፓን እንዲተላለፍ ወሰኑ። የፔኪንግ መንግሥት በ1918 ከጃፓን ጋር የተስማማበት ምስጢራዊ ውልም ታወቀ።

ሜይ 4 እሑድ ነበር። ከአሥራ ሦስት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የመጡት ተማሪዎች በቲያንአንመን ፊት ተሰበሰቡ። በዕለቱ ሁለት መግለጫዎች ተዘጋጅተዋል፤ አንዱ በጥንታዊው የጽሑፍ ቋንቋ፣ ሌላው ሉዎ ጂያሉን በተባለ ተማሪ በሕዝብ መነጋገሪያ ቋንቋ የተጻፈ ነው። በአጭር በራሪ ወረቀት ታትሞ በመንገድ ለሕዝቡ የታደለው ሁለተኛው ነው። ሰልፈኞቹ ወደ ሌጋሲዮኖች ሰፈር እንዳይገቡ በተከለከሉ ጊዜ ከጃፓን ጋር በተደረገው ውል ወደሚወቀሰው ሚኒስትር ወደ ጻዎ ሩሊን ቤት ሄዱ። ቤቱ ተቃጠለ፤ በቤቱ የተገኘ ሌላ ባለሥልጣን ተደበደበ፤ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ታሰሩ። ይህ ድርጊት በዚያን ጊዜም ሆነ በኋላ በምሁራን መካከል ክርክር አስነሥቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ከቼን ዶንግ ሰልፍ ብዙም ባልተለየ ነበር። ልዩነቱ የታየው በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው። ተማሪዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ በየመንገዱ መዞሪያ ንግግር ማድረግና የጃፓን ዕቃ እንዳይገዛ ማስተማር ጀመሩ፤ በየከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶችም ጭምር ተከተሏቸው። በጁን መጀመሪያ መንግሥት ንግግር የሚያደርጉትን በጅምላ ሲያስር እስር ቤቱ ስለሞላ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ሕንጻ እስር ቤት ሆነ። የዚህ ወሬ ሻንጋይ ሲደርስ ጁን 5 ቀን ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የፋብሪካ፣ የወደብና የትራንስፖርት ሠራተኞችም ሥራ አቆሙ። ጁን 10 ቀን ሦስቱ የተወቀሱት ባለሥልጣኖች ከሥልጣን ወረዱ። ጁን 28 ቀን የቻይና መልእክተኞች በቬርሳይ ውሉን ሳይፈርሙ ቀሩ። ሻንዶንግም በ1922 ለቻይና ተመለሰ። ምሁሩ ለዙፋን ሳይሆን ለሕዝብ ተናገረ፤ ሕዝቡም ሰማው።

ከዚህ ድል በስተጀርባ የመምህሩ ጭንቀት መዘንጋት የለበትም። ጻይ ዩዋንፔይ የታሰሩት ተማሪዎች እንዲፈቱ ከደከመ በኋላ በሜይ 9 ሥራውን ለቅቆ ከተማውን ተወ። በሴፕቴምበር ሲመለስ ግን ተማሪዎቹ ዋናው ሥራቸው ትምህርት መሆኑን እንዳይዘነጉ አሳሰባቸው። ትምህርት ቤት ስለ አገር የማያስብ ሰው ካፈራ ዓላማውን ስቷል፤ ትምህርቱ ከተቋረጠ ደግሞ ማሰቢያው ራሱ ይደርቃል። ይህን ችግር ጻይ አልፈጠረውም፤ ጨርሶም ሊፈታው አልቻለም።

መንደሩን ፍለጋ

እንቅስቃሴው የከተማ እንቅስቃሴ ነበር። ሊ ዳጃዎ ከሜይ 4 በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1919 በጻፈው ጽሑፍ ወጣቶች ወደ ገጠር እንዲሄዱ መክሯል። በማርች ወር የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሕዝብ ትምህርት ንግግር ቡድን አቋቁመው በከተማው ጎዳናና በገበያ ቦታ ያስተምሩ ጀመር። በ1920 ወደ ከተማው ዙሪያ መንደሮች ሲወጡ ግን አድማጭ ማግኘት አስቸገራቸው። ንግግራቸው ለገበሬው ባዕድ ነበር። አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚሄድ እንግዳ በመንደሩ ይኖር የነበረውን ሊቅ ቦታ ሊይዝ አልቻለም። ከዚህ የተማረው ዴንግ ጆንግሺያ የተባለው የቡድኑ አባል በ1921 መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር በቻንግሺንዲያን የባቡር ሠራተኞች ትምህርት ቤት ከፈተ። በቻንግሻ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ማኦ ዜዱንግም በ1917 የሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት መርቷል። የመምህራን ማሠልጠኛዎች የትምህርት ክፍያ ስለማይጠይቁ የገጠር ልጆች መግቢያ በር ነበሩ፤ ብዙ የእንቅስቃሴው ሰዎች ከእነዚህ ቤቶች የወጡት በአጋጣሚ አይደለም።

ከ1919 በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በዚያው ዓመት ሁ ሺ አጠቃላይ ርእዮተ ዓለሞችን ከመስበክ ይልቅ የተለዩ ችግሮችን አንድ በአንድ ማጥናት ይሻላል ሲል፣ ሊ ዳጃዎ ያለ መሠረታዊ ለውጥ ችግሮቹ አይፈቱም ብሎ መለሰለት። በመጀመሪያው መንገድ ከሄዱት መካከል በፈረንሳይ ለቻይናውያን ሠራተኞች ደብዳቤ ይጽፍና ያስተምር የነበረው ያን ያንግቹ ይገኝበታል። በአንድ ሺህ መሠረታዊ ፊደላት የተዘጋጀ መማሪያ ይዞ በ1922 በቻንግሻ ሰፊ የማንበብና መጻፍ ዘመቻ አካሄደ፤ በኋላም በዲንግ አውራጃ የገጠር ሥራ ቀጠለ። ታዎ ሺንግጂ (1891–1946) ደግሞ በ1927 በናንጂንግ አጠገብ የሺያውጁዋንን የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በዚያ ሠልጣኙ ከገበሬው ጋር እየኖረና እየሠራ ይማር ነበር። በሁለተኛው መንገድ የሄዱት በጁላይ 1921 የኮሚኒስት ፓርቲን መሠረቱ፤ ቼን ዱሺዩ መሪ ሆነ። በመጀመሪያው ጉባኤ የተገኙት አሥራ ሦስት ያህል ልዑካን በአብዛኛው መምህራን፣ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች ነበሩ።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ አስከፍለዋል። ሊ ዳጃዎ በኤፕሪል 1927 በፔኪንግ ተሰቀለ። የታዎ ማሠልጠኛ በ1930 በብሔርተኛው መንግሥት ተዘጋ። በ1949 ሥልጣን የያዘው፣ ከምሁራን ክበብ የተወለደው ፓርቲም በ1957 ትችት ያቀረቡ ከ550,000 የሚበልጡ ሰዎችን «ቀኝ ዘመም» ብሎ ፈረጀ፤ ከ1966 እስከ 1976 በቆየው የባህል አብዮት ደግሞ መምህራን በገዛ ተማሪዎቻቸው ተዋረዱ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም ተቋረጠ። ፈተናው በ1977 መጨረሻ ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተቀምጠው 270,000 ያህል ብቻ ቦታ አገኙ። በ1989 የሜይ 4 ሰባኛ ዓመት ሲታሰብ ተማሪዎች በዚያው አደባባይ ነበሩ፤ በጁን 4 ሠራዊት ገብቶ በኃይል በተናቸው፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለትምህርት ባለሙያ ሦስት ቁም ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ፈተና የዕውቀት መለኪያ ብቻ አይደለም። ፈተና የኅብረተሰቡን ክፍሎች እርስ በርስና ከመንግሥት ጋር የሚያገናኝ ገመድ ነው። የ1905ቱ ዐዋጅ ትክክለኛ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ዐዋጁን ለመጻፍ የፈጀው ጊዜ ጥቂት ወራት ሲሆን፣ መንደሩን የሚያስተምር አዲስ መምህር ለማፍራት ከአንድ ትውልድ በላይ ፈጅቷል። በዐቅድ የሚሠራ ሰው የሚሻረውን ሲቆጥር የሚሻረው ነገር በዝምታ ይሠራው የነበረውንም ሥራ መቁጠር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቋንቋ ጉዳይ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቻይና የትምህርት ሚኒስቴር በ1920 ከበልግ ጀምሮ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መማሪያ በሕዝብ መነጋገሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሲያዝ፣ ከሰልፉ ሁሉ ይልቅ የሚዘልቀውን ለውጥ አደረገ ማለት ይቻላል። በዚያ ትእዛዝ ምክንያት ልጅ የሚናገረውን መጻፍ፣ የሚያነበውንም መረዳት ቻለ።

ሦስተኛ፣ ዝምታን በድንጋይ ላይ ቀርጾ በትምህርት ቤት ማቆም እንደማይቻል የ1652ም የ1907ም ዐዋጅ አሳይቷል። ከቼን ዶንግ እስከ ሉዎ ጂያሉን ያለው ትውልድ የተማረው ከመንግሥት መጽሐፍ ነው፤ የተናገረውም ያንኑ ተምሮ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር መምህር ከሜይ 4 ሰልፍ ባይጀምር ይመረጣል። ከሊዩ ዳፔንግ የመንደር ትምህርት ቤት ቢጀምርና አንድ መምህር ሥራ ሲያጣ መንደሩ ምን እንዳጣ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ ሦስት ሺህ ወጣቶች በአደባባይ ለምን እንደቆሙ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።